በስሕተት የተከፈተ በር፤ የጆሴፍ ዌበርና የስበት ሞገድ ታሪክ

ስለ ስበት ሞገድ በዚህ ዘመን የሚነገረው ታሪክ አብዛኛውን ጊዜ የሚዠምረው ከሴፕቴምበር 2015 ነው፤ በዚህ ጽሑፍ የሚጠሩት ዓመታትና ወሮች ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር መኾናቸውን አንባቢ ይወቅልን። በዚያ ወር በአሜሪካ የተተከሉ ሁለት ታላላቅ መሣሪያዎች ሊቃውንት መቶ ዓመት ያህል ሲከራከሩበት የኖሩትን ምልክት ስለ ያዙ፤ ከሁለት ዓመት በኋላም ሦስት ሰዎች የኖቤል ሽልማት ስለ ተቀበሉበት፤ ነገሩ የድል ታሪክ ኾኖ ይተረካል። እኛ ግን ዛሬ ልንናገርለት ያሰብነው ከዚያ 46 ዓመት አስቀድሞ «አገኘሁ» ብሎ ስለ ተነሣ፤ ነገር ግን ስላላገኘ፤ አለማግኘቱንም እስኪሞት ድረስ ስላላመነ አንድ ሰው ነው። ስሙ ጆሴፍ ዌበር ይባላል። ይህን ሰው ከተሳሳቱት ወገን ቈጥሮ መተው ቀላል ነው፤ ብዙዎችም እንዲሁ አድርገውታል። ዳሩ ግን የነገሩን ሥር የመረመረ ሰው እንዲህ ቸኵሎ ለመፍረድ አይደፍርም።

አስቀድመን የስበት ሞገድ ምን እንደ ኾነ እንናገር። አልበርት አይንስታይን በ1915 ባወጣው ትምህርት መሠረት ስበት ማለት በገመድ እንደ መጐተት ያለ ኃይል አይደለም። ክብደት ያለው ነገር ሁሉ በዙሪያው ያለውን ስፍራና ጊዜ ያጐብጣል፤ ሌላውም ነገር በዚያ በጐበጠው መንገድ ይሄዳል። እንግዲህ እጅግ ከባድ የኾኑ ነገሮች በብርቱ ፍጥነት ሲዞሩ ወይም ሲጋጩ፤ ጕብጠቱ ድንጋይ በተጣለበት ኵሬ ላይ እንደሚታየው ሞገድ በብርሃን ፍጥነት እየሰፋ ይሄዳል። ይህ ሞገድ በሚያልፍበት ቦታ ስፍራውን ራሱን ባንድ ወገን ይዘረጋዋል፤ በሌላው ወገን ያጠበዋል፤ ወዲያውም የተዘረጋውን አጥብቦ የጠበበውን ይዘረጋል። ሩቅ መንገድ ተጕዞ ከምድር ሲደርስ ግን የሚዘረጋውና የሚያጠበው መጠን ከአቶም እምብርት እንኳ እጅግ ያነሰ ስለ ኾነ፤ ሰው በመሣሪያ ሊለካው ይችላል ብሎ ያሰበ በመዠመሪያ አልነበረም።

የሚያስገርመው ነገር፤ የዚህ ትምህርት አባት ራሱ በሞገዱ መኖር ብዙ ጊዜ መጠራጠሩ ነው። በፌብሩዋሪ 1916 አይንስታይን ለካርል ሽዋርዝሽልድ በላከው ደብዳቤ የብርሃንን ሞገድ የሚመስል የስበት ሞገድ የለም ብሎ ጻፈ። ሽዋርዝሽልድ በአንደኛው የዓለም ጦርነት ከጀርመን ጦር ጋር በሩሲያ ግንባር ሳለ የአይንስታይንን ስሌት የፈታ፤ በዚህም ኋላ ጥቁር ጕድጓድ ለተባለው፤ ብርሃን እንኳ ሊያመልጠው ለማይችለው ነገር መሠረቱን ያኖረ የከዋክብት ሊቅ ነው፤ በዚያው ዓመት በሜይ በሕመም ሞተ። ደብዳቤው ከተጻፈ ከአራት ወር በኋላ አይንስታይን ሐሳቡን ለውጦ ሞገዱ አለ የሚል ጽሑፍ አወጣ፤ በዚያም ጽሑፍ ስሕተት ስላገኘበት በ1918 እንደ ገና አረመው።

በ1936 ደግሞ በፕሪንስተን ሳለ፤ ከረዳቱ ከናታን ሮዘን ጋር ኾኖ የስበት ሞገድ የለም የሚል ጽሑፍ አዘጋጅቶ ፊዚካል ሪቪው ወደሚባለው መጽሔት ሰደደ። የመጽሔቱ አዘጋጅ ጽሑፉን ለሌላ ሊቅ አሳይቶ የሊቁን ትችት ላከለት። አይንስታይንም ጽሑፌ ከመታተሙ በፊት ለሌላ ሰው እንዲታይ አልፈቀድሁም ብሎ ተቈጣና መልሶ ወሰደው። ተቺው ሃወርድ ሮበርትሰን እንደ ነበረ የታወቀው ከብዙ ዘመን በኋላ ነው። ሮበርትሰን ግን ያ ተቺ እኔ ነኝ ሳይል፤ ከአይንስታይን አዲስ ረዳት ከሊዮፖልድ ኢንፌልድ ጋር ተወያይቶ ስሕተቱ የት እንዳለ አሳየ፤ አይንስታይንም ነገሩን ተቀበለ። ጽሑፉ በ1937 በሌላ መጽሔት ሲወጣ መደምደሚያው ተገልብጦ ነበር። ያን ያህል ስም ያለው ሰው ባንድ ጕዳይ ደጋግሞ ራሱን ማረሙን አንባቢ በልቡ ይያዝልን።

ክርክሩ በዚህ አላበቃም፤ ሞገዱ ቢኖርስ ኃይል ይዞ ይሄዳልን? ወይስ በወረቀት ላይ ብቻ የሚኖር የስሌት ጥላ ነው? ይህን ለመመርመር በጃኑዋሪ 1957 በሰሜን ካሮላይና በቻፕል ሂል ከተማ ሊቃውንት ተሰበሰቡ። በዚያም ሪቻርድ ፋይንማን ሕፃን ሊገባው የሚችል ምሳሌ አቀረበ። ባንድ ዘንግ ላይ የምትንሸራተት ዶቃ ትኑር፤ ሞገዱ ሲያልፍ ዶቃዋ ወዲያና ወዲህ ትላለች፤ ስትንሸራተትም ዘንጉን ትፈትገዋለች፤ የተፈተገ ነገር ደግሞ ይሞቃል። ሙቀቱ ከሌላ ከየትም ሊመጣ አይችልምና ሞገዱ ኃይል አለው። የስሌት ብዛት ያልፈታውን ክርክር አንዲት ዶቃ ፈታችው ማለት ይቻላል። በዚያ ጉባኤ ተቀምጦ ይሰማ ከነበረው ሰው አንዱ ጆሴፍ ዌበር ነው።

ዌበር በ1919 በኒው ጀርሲ ክፍል በፓተርሰን ከተማ ከሊትዌኒያ ከፈለሱ አይሁድ ወላጆች ተወለደ። በባሕር ኃይል ትምህርት ቤት ተምሮ በ1940 ከወጣ በኋላ ሌክሲንግተን በምትባለው አውሮፕላን ተሸካሚ መርከብ አገለገለ፤ መርከቢቱ በሜይ 1942 በኮራል ባሕር ጦርነት ስትሰጥም እርሱ ተረፈ። በ1948 በሜሪላንድ ዩኒቨርሲቲ የኤሌክትሪክ ምሕንድስና መምህር ኾነ፤ የዶክተርነት ማዕርጉን ግን የተቀበለው በ1951 በዋሽንግተን ካለው የካቶሊክ ዩኒቨርሲቲ ነው። በ1952 በካናዳ በኦታዋ ከተማ በተደረገ ጉባኤ፤ ኋላ ሜዘርንና ሌዘርን ያስገኘውን ሐሳብ ከሁሉ ቀድሞ በይፋ አስተማረ። ይሁን እንጂ በ1964 የኖቤል ሽልማት ለዚህ ሥራ ሲሰጥ የተቀበሉት ቻርልስ ታውንስና ሁለት የሩሲያ ሊቃውንት ናቸው። ይህን ዕጣ ልብ ያላለ ሰው የዌበርን የኋላ ግትርነት በሚገባ ይረዳዋል ብለን አናስብም። አንድ ጊዜ ቀድሞ ተናግሮ ሌላው የተሸለመበት ሰው፤ ሁለተኛውን ከእጁ ላለመልቀቅ ምን ያህል እንደሚጨብጥ ማንም ሊገምተው ይችላል።

ሌሎቹ በሰሌዳ ላይ ሲሟገቱ ዌበር መሣሪያ ለመሥራት ተነሣ። ከእርሱ በፊት ይህን የሞከረ አልነበረም። ድፍን ግንድ የመሰለ የአሉሚኒየም ዘንግ አሠራ፤ ርዝመቱ አንድ ሜትር ተኩል ያህል፤ ወርዱ 66 ሴንቲ ሜትር ያህል፤ ክብደቱም ከ1,000 ኪሎ የሚበልጥ ነበር። ይህንንም በሽቦ አንጠልጥሎ አየር በወጣለት በርሜል ውስጥ አስገባው፤ በወገቡም ዙሪያ ሲጫኑት ኤሌክትሪክ የሚሰጥ ክሪስታል ለጠፈበት። በገጠር አብያተ ክርስቲያናት የሚመታውን የድንጋይ ደወል የሚያውቅ አንባቢ ነገሩን በቀላሉ ያስተውለዋል። ደወል ሁሉ የራሱ ድምፅ አለው፤ አንድ ጊዜ ከተመታ በኋላም በዚያው ድምፅ እየተንቀጠቀጠ ይቈያል። የዌበር ደወል በሴኮንድ 1,660 ጊዜ የሚንቀጠቀጥ ነበር፤ መቺውም የስበት ሞገድ ይኾን ዘንድ ይጠበቅ ነበር።

ችግሩ የመቺው ብዛት ነው። መኪና ሲያልፍ፤ ምድር ስትንቀጠቀጥ፤ መብረቅ ሲወርድ ደወሉ ይሰማል፤ ይህ ሁሉ ባይኖር እንኳ የአሉሚኒየሙ የገዛ ሙቀት ዘወትር ያነቃንቀዋል። ስለዚህ ዌበር 1,000 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ ቺካጎ አጠገብ ባለው በአርጎን ቤተ ሙከራ ሌላ ደወል አቆመ። በሜሪላንድ የሚያልፍ መኪና የቺካጎውን ደወል ሊመታ አይችልምና፤ ሁለቱ ባንድ ቅጽበት የተመቱ እንደ ኾነ መቺው ከሰማይ ነው ማለት ነው። ይህ የሁለት ምስክር ሥርዓት ዛሬም ድረስ ያልተለወጠ የዚህ ጥበብ ዓምድ ኾኖ ይኖራል፤ ያቆመውም ዌበር ነው።

በጁን 1969 ዌበር ሁለቱ ደወሎች ባንድነት እየተመቱ መኾናቸውን የሚገልጽ ጽሑፍ አሳተመ። ሰው ጨረቃን ሊረግጥ አንድ ወር የቀረበት ጊዜ ነበርና ዓለም ይህን የመሰለ ወሬ ለመስማት ጆሮውን ከፍቶ ነበር። በማግሥቱ በ1970 ምልክቶቹ ከፍኖተ ሐሊብ እምብርት ይመጣሉ አለ። ስሙ በየጋዜጣው ተጠራ፤ በዲሴምበር 1972 እንኳ በአፖሎ 17 መንኰራኵር እርሱ ያሰበው የስበት መለኪያ ወደ ጨረቃ ተላከ፤ ግን የሚዛኑ ክብደቶች ስሌት ተሳስቶ ስለ ነበር መሣሪያው እንደ ታሰበው ሊሠራ አልቻለም። በእንግሊዝ አገር በካምብሪጅም ስቲቨን ሃውኪንግ የሚባል ወጣት ሊቅ እንዲህ ያለውን ምልክት ምን ሊያመጣው ይችላል ብሎ ማሰብ ዠመረ፤ ያሰበውን ወደ ፊት እናመጣዋለን።

ነገር ግን ስሌት ሲደረግ ጥርጥር ተነሣ። ምልክቱ እውነት ከኾነ ፍኖተ ሐሊብ በየዓመቱ እጅግ ብዙ ፀሐዮችን የሚያህል ክብደት ወደ ሞገድ እየለወጠች ማጣት አለባት፤ እንዲህ ያለች የከዋክብት ማኅበር ደግሞ ይህን ያህል ዘመን ልትቈይ አትችልም። በሞስኮ፤ በግላስጎው፤ በሙኒክ፤ በአሜሪካም በልዩ ልዩ ስፍራ ሊቃውንት የየራሳቸውን ደወል ሠርተው አዳመጡ፤ ምንም አልሰሙም። ከዚያ በኋላ የወጣው ይበልጥ የሚያሳዝን ነው። በዌበር የሒሳብ ማሽን ትእዛዝ ውስጥ ስሕተት መኖሩን ዴቪድ ዳግላስ አገኘ። ደግሞም ዌበር ከሮቸስተር መሣሪያ ጋር ባንድ ቅጽበት የተመታ ምልክት አገኘሁ ባለ ጊዜ፤ የአንዱ መዝገብ በአገሩ ሰዓት፤ የሌላው በግሪኒች ሰዓት የተጻፈ ኾኖ ተገኘ፤ አንድ ቅጽበት የተባለው በእውነት አራት ሰዓት የሚራራቅ ነበር። ሊኖር በማይችልበት ቦታ ምልክት ያገኘ ሰው፤ በሌላውም ቦታ ያገኘው ምን እንደ ኾነ ለሁሉ ግልጽ ኾነ። በ1974 በማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት በተደረገው ጉባኤ ዌበርና ብርቱው ተቺው ሪቻርድ ጋርዊን በብዙ ሕዝብ ፊት ተፋጠጡ፤ ለመማታት እስኪደርሱም ፊሊፕ ሞሪሰን የሚባለው አዛውንት ሊቅ በምርኵዙ ገላገላቸው ይባላል።

በእኛ አስተያየት ዌበር ውሸታም አልነበረም። የማያዛባ እጅ ነበረው፤ ጆሮው ግን መስማት የሚፈልገውን አስቀድሞ ያውቅ ነበር። ከመዝገቡ መካከል የትኛው ምት ይቈጠር፤ የትኛው ይጣል የሚለውን ወሰን ውጤቱን እያየ ይለዋውጥ ነበር፤ ሚዛኑን እህሉን እያየ የሚያስተካክል ነጋዴ ሳያስበው ራሱን እንደሚያታልል ማለት ነው። ይህ ግን የሰው ሁሉ ፈተና ነው፤ በዌበር ላይ የሚከፋው ስሕተቱ ሲነገረው አለመመለሱ ነው። አይንስታይን በ1936 ተቈጥቶ በ1937 ተመለሰ፤ ዌበር በ1974 ተቈጥቶ ለ26 ዓመት በዚያው ጸና። የገንዘብ ድጋፉ ከተቋረጠ በኋላም ደወሎቹን አልዘጋም፤ በሴፕቴምበር 2000 እስኪሞት ድረስ ያዳምጥ ነበር። በእልኽ እንበለው ወይስ በእምነት፤ እኛ መለየት አልቻልንም።

ዌበር በተሸነፈበት በዚያው በ1974 ሞገዱ በሌላ በር ገባ። ራስል ኸልስና ጆሴፍ ቴይለር በፖርቶ ሪኮ ደሴት በአረሲቦ በነበረው ታላቅ የሬዲዮ መነጽር ሁለት እጅግ የጠበቡ ከዋክብት እርስ በርሳቸው ሲዞሩ አገኙ፤ አንድ ዙር የሚፈጁት በ7 ሰዓት ከ45 ደቂቃ ነው። ለብዙ ዓመት በተከታተሏቸው ጊዜ ዙሩ በየዓመቱ ከአንድ ሴኮንድ እጅግ ባነሰ ክፍል እያጠረ መሄዱ ታወቀ፤ የሚያጥረውም የስበት ሞገድ ኃይላቸውን ይዞባቸው ከኾነ አይንስታይን ባለው ልክ ነበር። በ1993 ሁለቱ የኖቤል ሽልማት ተቀበሉ። ሞገዱ እንዳለ ከዚህ በኋላ የተጠራጠረ ጥቂት ነው፤ ግን በምድር ላይ ሲያልፍ የያዘው ገና አልነበረም።

የያዙት ሰዎች ከየት ተነሡ? ራይነር ዋይስ በበርሊን በ1932 የተወለደ በአሜሪካ ያደገ ሊቅ ነው፤ በ1960ዎቹ መጨረሻ ሲያስተምር ተማሪዎቹ ስለ ዌበር ሥራ ጠየቁት፤ እርሱም የዌበር ዘዴ ስላልገባው፤ ሌላ ዘዴ አሰበና ለተማሪዎቹ እንደ መልመጃ ሰጣቸው። የብርሃን ጨረር ለሁለት ተከፍሎ በሁለት ረዣዥም ክንዶች ሄዶ ይመለስ፤ ሞገድ ሲያልፍ አንዱ ክንድ ሲረዝም ሌላው ስለሚያጥር ሲገናኙ ልዩነቱ ይታያል። በሩሲያም ሚኻኢል ጌርትሰንሽታይንና ቭላዲስላቭ ፑስቶቮይት በ1962 ይህንኑ ሐሳብ ጽፈው ነበር። ሮናልድ ድሬቨር በግላስጎው ሥራውን የዠመረው የዌበርን ዓይነት ደወል በመሥራት ነው። የመዠመሪያውን ትንሽ የሌዘር መሣሪያ የሠራው ሮበርት ፎርዋርድ ደግሞ የዌበር ተማሪ ነበር። ዌበርን ያሸነፈው መሣሪያ ሌዘር መኾኑን፤ የሌዘርም ምንጭ በ1952 በኦታዋ ከሰጠው ትምህርት ጋር የተዛመደ መኾኑን ስናስብ ምን እንደምንል አናውቅም።

ዋይስ፤ ድሬቨርና ኪፕ ቶርን የጀመሩትን ሥራ ከ1994 ዠምሮ ባሪ ባሪሽ መራው፤ የአሜሪካ መንግሥትም ባለፉት ዐሥርት ዓመታት ከ1,000 ሚሊዮን ዶላር በላይ አወጣበት። እያንዳንዱ ክንዱ 4 ኪሎ ሜትር የኾነ አንድ መሣሪያ በዋሽንግተን ክፍለ ግዛት በሃንፎርድ፤ ሌላው 3,000 ኪሎ ሜትር ርቆ በሉዊዚያና በሊቪንግስተን ተተከለ። ከ2002 እስከ 2010 አዳመጡ፤ ምንም አልተገኘም።

እዚህ ላይ የዌበር ነገር ምን ያህል እንዳስፈራቸው የሚያሳይ አንድ ታሪክ አለ። በሴፕቴምበር 2010 ግሩም ምልክት ታየ፤ ሊቃውንቱም ለስድስት ወር መረመሩት፤ ለመታተም የሚኾን ጽሑፍም አዘጋጁ። በማርች 2011 በካሊፎርኒያ ተሰብስበው ሳለ የታሸገ ፖስታ ተከፈተ፤ ምልክቱ ሆን ተብሎ በስውር የተጨመረ ሐሰተኛ ምልክት መኾኑ ተነገራቸው። ራሳቸውን እንዲፈትኑ ጥቂት ሰዎች በምስጢር የጨመሩት ነው። ማንም እውነቱን ሳያውቅ ሚዛኑን አስቀድሞ እንዲያስተካክል የሚያስገድድ እንዲህ ያለ ሥርዓት፤ ዌበር በጐደለው ነገር ላይ የቆመ ነው።

በሴፕቴምበር 14 ቀን 2015 መሣሪያዎቹ ታድሰው ገና ሊዠምሩ ሲሉ፤ ሊቪንግስተን ሰማ፤ ከሴኮንድ አንድ ሺኛ 7 ያህሉ ካለፈ በኋላ ሃንፎርድ ሰማ። ምልክቱ የቈየው የሴኮንድ አንድ አምስተኛ ብቻ ነው። በጀርመን አገር በሃኖቨር መዠመሪያ ያየው ወጣት ሊቅ ያሰበው፤ ይህ ደግሞ የታሸገ ፖስታ ይኾን? ብሎ ነው። አልነበረም። ከ1,300 ሚሊዮን የብርሃን ዓመት ርቀት፤ አንዱ 36 ሌላው 29 ፀሐይ የሚመዝኑ ሁለት ጥቁር ጕድጓዶች ተዋሕደው 62 ፀሐይ የሚመዝን አንድ ጕድጓድ ኾነው ነበር፤ የቀረው የ3 ፀሐይ ክብደት ሁሉ በስበት ሞገድ ወጣ። የ4 ኪሎ ሜትሩ ክንድ የተለወጠው ግን ከፕሮቶን ወርድ አንድ ሺኛ ያህል ነው። በፌብሩዋሪ 11 ቀን 2016 በዋሽንግተን ከተማ ነገሩ ሲታወጅ ከተቀመጡት እንግዶች አንዷ የዌበር ባለቤት የነበረችው የከዋክብት ሊቅ ቨርጂኒያ ትሪምብል ነበረች፤ ኪፕ ቶርንም የዌበርን ስም በክብር ጠራ። ከዌበር ደወሎች አንዱ ዛሬ በሃንፎርድ ለጐብኚ ይታያል። የ2017ን የኖቤል ሽልማት የተቀበሉት ዋይስ፤ ቶርንና ባሪሽ ናቸው፤ ድሬቨር በዚያው ዓመት በማርች ሞቶ ነበርና አልደረሰበትም።

ወደ ሃውኪንግ እንመለስ። በ1971 ባወጣው አጭር ጽሑፍ፤ ሁለት ጥቁር ጕድጓዶች ተጋጭተው አንድ ቢኾኑ የአዲሱ ጕድጓድ ገጽ ስፋት ከሁለቱ ድምር ሊያንስ አይችልም አለ፤ ኃይል በሞገድ ቢወጣም ገጹ ይሰፋል እንጂ አይጠብም ማለት ነው። ይህን ሊመዝን የሚችል መሣሪያ በዚያ ዘመን አልነበረም። በ2015 የተያዘው ምልክት በ2021 በዚህ ሕግ ተመርምሮ ተስማማ፤ ግን እርግጠኝነቱ 95 በመቶ ብቻ ነበር። በጃኑዋሪ 14 ቀን 2025 ከቀድሞው ሁሉ የጠራ ምልክት መጣ፤ ሁለቱ ጕድጓዶች እያንዳንዳቸው 30 ፀሐይ ያህል የሚመዝኑ ነበሩ። ገጻቸው ከመዋሐዳቸው በፊት ባንድነት 240,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል፤ ከተዋሐዱ በኋላ 400,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ኾኖ ተገኘ፤ እርግጠኝነቱም 99.999 በመቶ ደረሰ። ውጤቱ በሴፕቴምበር 2025 ሲታተም ሃውኪንግ ከሞተ ሰባት ዓመት አልፎታል፤ ዋይስም ከጥቂት ቀን በፊት በኦገስት ዐርፏል። የሃውኪንግን የ1971 ጽሑፍ ዛሬ አውጥቶ የሚያነብ ሰው ግን፤ ገና ከመዠመሪያው መስመር የሚያገኘው ጆሴፍ ዌበር በሜሪላንድና በቺካጎ ያገኘኋቸው ናቸው ያላቸውን ምልክቶች ነው።